ክርን ስትሰፋ

ቱቦው አስነጠሰ።

ሌላ ቃል አይገኝለትም። ሬድዮ ሳታየው ወገቡን ረገጠችው፤ እሱም የዋጠውን ሁሉ «እፍፍ» ብሎ፣ ጫፉ ላይ ተንበርክኮ በጭልፋ ሰጋቱራ ሲያጎርሰው በነበረው በሊቀመንበሩ ፊት ላይ ተፋው። የሊቀመንበሩ ቅንድብ፣ ሽፋሽፍትና ገና ልብቀል አልብቀል እያለ የሚያመነታው ጢሙ ባንድ አፍታ ቢጫ ሆኑ።

«ይሄ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አለ፣ ከምላሱ ላይ ሰጋቱራ በጣቱ እየለቀመ።

«ምኑ? ማስነጠሱ?» አለች ሬድዮ።

«መሪ ላይ ማስነጠሱ!»

ፍሬን የጆንያ መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች፤ መርፌ ነክሶ መሳቅ ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። የቱቦውን ሌላኛውን ጫፍ በሲባጎ እየሰፋች ነበር። ጨርቁ ከመወፈሩ የተነሳ መርፌው በአንድ በኩል ከገባ በኋላ በሌላው በኩል የሚወጣው ተለምኖ ነው።

ቱቦው የእሳት አደጋ ቱቦ ነው። ዕድሜ ልኩን ውኃ ሲረጭ ኖሮ፣ በየቦታው ማፍሰስ ሲጀምር ጡረታ ወጣ። የሊቀመንበሩ አጎት እሳት አጥፊ ናቸው፤ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው አመጡላቸውና «ለእሳት አይሆንም፤ ለእናንተ ጨዋታ ግን ምን ይለዋል» ብለው ጥለውላቸው ሄዱ። ሊቀመንበሩ «ጨዋታ» የምትለዋን ቃል በግድ ነው የዋጣት። የሚመራው ድርጅት ሙሉ ስሙ «የሪሞት መኪና እሽቅድምድም ክበብ» ነው፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

እሱ ሥልጣን የያዘው በምርጫ ነው። ዕጩው እሱ፣ ጠቋሚው እሱ፣ ድምፅ ቆጣሪውም እሱ ነበር፤ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ሬድዮ ደግሞ ሬድዮ የተባለችው ወሬ ስለማታሳድር ነው። ፍሬን የመጀመሪያ ቀን መኪናዋን ከነሙሉ ፍጥነቷ ከግድግዳ ጋር ስላላተመቻት «ፍሬን የለሽ» ተብላ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ሲጠራ ግማሹ አለቀና «ፍሬን» ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስሟን የሰማ ሁሉ ቀስ ብላ የምትነዳ ይመስለዋል፤ ስትነዳ እስኪያያት ድረስ።

ክበቡ የሚወዳደረው እነፍሬን በሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ቦታው የታሰበው ለመኪና ማቆሚያ ነበር፤ ግን መውረጃውን የነደፈው መሐንዲስ መኪና የሚባለው ነገር አንዳንዴ መታጠፍ እንደሚያስፈልገው የዘነጋ ይመስላል። አንድ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ አንዴ ሞክረው፣ የጎን መስታወቶቻቸውን ለግድግዳው ሸልመው በኋላ ማርሽ ወጡ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የወረደ መኪና ቢኖር ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ የውድድሩ መንገድ የሚከለለው በጣውላ ነበር። ፎቁ ሲሠራ ለአርማታ ያገለገለ፣ ሲሚንቶ ጠጥቶ ድንጋይ የሆነ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ጣውላ። መኪና ሲገጨው እሱ ምንም አይሆንም፤ እግሯ የሚሰበርባት መኪናዋ ናት። አዳዲሶቹ ልጆች የተሰበረ መኪና ታቅፈው ደረጃው ላይ ሲያለቅሱ ሲያለቅሱ፣ ጉባኤው በስንት ክርክር ለስላሳ መከለያ እንዲሠራ ወሰነ። በሰጋቱራ የተጠቀጠቀ ቱቦ መኪናን እንደ ወፍራም አክስት አቅፎ ይቀበላል። ሰጋቱራው ከአናጢው በነፃ ነው፤ «ባለቤቴ ጥረጉልኝ ካለችኝ ቆየች» ብለው በጆንያ ሞልተው ሰጧቸው።

ፍሬን ሁሉም ነገር ጥሩ ነው ብላ ነበር የምታስበው፤ የተነቀሉት ጣውላዎች ደረጃው ሥር ሲደረደሩ እስክታይ ድረስ።

ጣውላዎቹ የወንድሟ ሥራ ናቸው። ክበቡን የመሠረተው እሱ ነው። ከፎቁ ጀርባ ከተጣሉበት ለቅሞ፣ ሚስማራቸውን እየነቀለ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተሸክሞ አወረዳቸው። ያን ጊዜ መኪናው አንድ፣ ነጂው ብዙ ነበር። ባትሪዋ ስታልቅ በየተራ በብብታቸው ያሞቋታል፤ ሙቀት ያገኘ ባትሪ ነፍስ ይዘራል ብለው ያምኑ ነበር፤ ከብብት ስትወጣ ደግሞ እውነትም ትንሽ ትሮጥና መሐል መንገድ ቆማ ታሳፍራቸዋለች። ፍሬን ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ከታች ያለውን ደረጃ ሳይነካ፣ የእርጥብ ሲሚንቶና የቀለም ሽታ እየማገች ታያቸው ነበር። ዛሬም የትም ቦታ ያ ሽታ ሲሸታት ዘወር ብላ ትፈልጋቸዋለች።

አሁን ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው ያለው። የመብራት መስመር ሠራተኛ ሆኖ ቀኑን ምሰሶ ላይ ይውላል። ጓደኞቹም አንዱ አገባ፣ አንዱ ወፈረ፣ የቀሩት «ቢዚ» ሆኑ። ለክበቡ ጥሎለት የሄደው ጣውላዎቹን፣ ሕጎቹንና የፈጣን ዙር ሪከርዱን ነበር።

ሪከርዱን ባለፈው ወር ፍሬን ሰበረችው።

የበለጠችው በዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ግን ሪከርድ ሪከርድ ነው። ሬድዮ ከመጮኋ ብዛት ድምጿ ተዘግቶ ሰፈሩ ጥቂት አረፈ። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገና፣ ጆሮው የተሰበረ ትልቅ ኩባያ «ዋንጫ» ብሎ ሰጣት። ለወንድሟ ደውላ ስትነግረው ስልኩ እስኪንጫጫ እሪ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፍሬን በዚያ ምድር ቤት ውስጥ «የመሥራቹ እህት» ነበረች። አዲስ ልጅ ሲመጣ የምትተዋወቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ልጆቹ «እሷ ናት ሪከርዱን የያዘችው» እያሉ በጣት ያሳዩዋት ጀመር። ይህን ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ ከኩባያውም ከጭብጨባውም የበለጠባት እሱ ነበር።

እሁድ ደግሞ ወንድሟ ይመጣል። ሊቀመንበሩ «የክብር እንግዳ» ብሎ ሰይሞታል፤ ሪባን ቆርጦ አዲሱን መከለያ ይመርቃል፤ ከዚያ ወንድምና እህት ሰው ሁሉ እያየ ይወዳደራሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ያልታሰበ ችግር መጣ። ፕላስተሩ አልይዝ አለ።

ቱቦው እንዳይንሸራተት በወፍራም ፕላስተር ከወለሉ ጋር መያያዝ ነበረበት። ሌላው ቦታ ጥሩ ያዘ። ክርን ላይ ግን ሲለጥፉት ይላጣል፣ ሲለጥፉት ይላጣል።

ክርን የመንገዱ ክፉ ቦታ ናት። በአንድ በኩል የምድር ቤቱ ግድግዳ አለ፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። በሌላ በኩል ከመሐል ተነስቶ ወደ ግድግዳው የሚመጣ፣ ገና ያልተነሳ ረጅም ጣውላ አለ፤ አፍንጫው ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ያበቃል። መኪናዋ በአፍንጫውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ገብታ፣ አፍንጫውን ዞራ፣ ወደመጣችበት ትመለሳለች። እዚያ ያልተሰበረ መኪና፣ እዚያ ያልተሳደበ ልጅ የለም። የመኪኖቹ ጎማ በየዙሩ እየተፋቀ ወለሉ ላይ ቀርቶ፣ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ፣ ቦታው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ፕላስተሩም የሚላጠው ለዚህ ነው። ከወንድሟ ሕጎች አንዱ «ወለሉ ውኃ አይነካውም» ይላል፤ የተጋገረው ጎማ ለመኪናዋ ጥፍር ይሆናታል።

ሊቀመንበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። «ሕጉ እንደተከበረ ሆኖ» አለ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ፕላስተር የሚያርፍበት ቦታ ብቻ፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ፣ በልዩ ውሳኔ ይታጠብ።»

«ማን ይጠበው?» አለች ሬድዮ።

ሁሉም ወደ ፍሬን ዞረ።

«የመሥራቹ እህት» አለ ሊቀመንበሩ። «ሕግ ከተጣሰ አይቀር በቤተሰብ ይጣስ።»

ሌሎቹ ለክርን የተቆረጠውን ቱቦ ቀይና ነጭ ሊቀቡ ወደ ግቢው ወጡ። ፍሬን ብቻዋን ቀረች። የክርንን ጣውላ ጎትታ አነሳች፤ የቆመበትን ቦታ፣ ውኃ በማይደርስበት ጎን፣ በጠመኔ ምልክት አደረገችበት፤ የሳሙና ውኃ አፈሰሰችና በብሩሽ ማሸት ጀመረች። ውኃው እንደ ቀለም ጠቁሮ፣ ወለሉ ወደ ግድግዳው ዘንበል ያለ ስለሆነ ወደዚያው ፈሰሰ። በመወልወያ ጆንያ እየተከተለች ሰበሰበችው። የሸሸውን ውኃ ስታሳድድ ግድግዳው አጠገብ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ከጥቁሩ ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች።

መጀመሪያ ደም መሰላት፤ ጣቶቿን ቆጠረች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። አሸት አደረገችው። ከቀይዋ አጠገብ ነጭ፣ ከነጯ አጠገብ ሌላ ቀይ። ጠብታ ከጠብታ ተያይዞ መስመር ሆነ፤ መስመሩ እየሄደ እየሄደ መጨረሻው ላይ ክብ ብሎ ዞረ፤ ልክ እንደ ጣውላ አፍንጫ።

ፍሬን ተረከዟ ላይ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

ጣውላው ሲቀባ የቆመው እዚህ ነበር። ቀለሙ በጎኑ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንጠባጥቧል። እሷ ዛሬ ያነሳችው ግን ከዚህ አንድ ክንድ ሙሉ ወደ ኋላ ነው። መኪናዋን አምጥታ በመስመሩና በግድግዳው መካከል አስቀመጠቻት፤ በዚህ በኩል ሁለት ጣት፣ በዚያም በኩል ሁለት ጣት ተረፈ። ከጠመኔው ምልክት እስከ ግድግዳው ግን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እያወሩ ያልፋሉ።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም። ሌላው የወንድሟ ሕግ «የገፋ ይመልስ» ነው፤ ጣውላውን ገጭቶ ያነቃነቀ ሄዶ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሁሉም ይመልሳል። ግን ቦታው የት ነበር? «እዚህ ጋ መሰለኝ።» ጣውላው ከባድ ነው፣ ልጁ ቸኩሏል፣ ሌሎቹ መኪኖች እየሮጡ ነው፤ ጣት የምታህል ትቀራለች። ቀጥሎ የሚገጨው ደግሞ ከዚያች ጣት ላይ ይጀምራል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ሆን ብሎ አልገፋም። ክርን በጨዋ ልጆች እጅ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋች ኖረች።

ወንድሟ ያን ሰዓት ያስመዘገበው በጠባቧ ነው። እሷ የሰበረችው በሰፊዋ።

«ፍሬኔ! ሞተሻል ወይስ አለሽ?» የሬድዮ ድምፅ ከደረጃው ላይ መጣ።

ፍሬን ሳታስበው እርጥቡን ጆንያ አንስታ መስመሩ ላይ ጣለችው። «አትውረጂ! ያንሸራትታል!»

«አንቺኮ ወለል ስታጥቢ ቀዶ ሕክምና የምትሠሪ ነው የምትመስዪው። ለምሳ ልንበተን ነው፤ ከሰዓት ቱቦውን እናወርደዋለን።»

«እሺ፣ ሂዱ።»

ለምሳ ወደ ቤት ስትወጣ እናቷ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ምድር ቤቱን በልብስሽ ነው የወለወልሽው?»

«በብሩሽ ነው፤ ልብሴ ረዳት ነው።»

«ረዳትሽን አውልቀሽ እጅሽን ታጠቢ። ወንድምሽ መስመር ላይ ነው፤ ወደ ሥራ ሳይመለስ ላናግራት ብሎ ነው።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ሚጡዬ! ሻምፒዮን!»

«አለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ምነው ድምፅሽ? ባትሪ ጨረስሽ እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው። ወለል ሳጥብ…»

«ምን? ወለል?!»

«ክርን ጋ ብቻ። ፕላስተር አልይዝ ብሎ ነው።»

«በቃ ሕጌን በላችሁት!» አለ እየሳቀ። «ለመሆኑ ክርን እንዴት ናት? አሁንም ሰው ታስለቅሳለች?»

ፍሬን የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች። «እንደ ድሮው አይደለችም።»

«ተይ ባክሽ! ጎብዘሽባት ነው የቀለለችሽ። እኔኮ እዚያ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር። በዚህ ሁለት ጣት፣ በዚያ ሁለት ጣት! ዛሬም ድረስ ምሰሶ ላይ ሆኜ ትዝ ስትለኝ መዳፌን ያልበዋል።»

«ምሰሶ ላይ ሆነህ መዳፍህን እንዳያልበው!» ጮኸች እናቷ ከማድ ቤት።

«እሺ እማዬ፣ አያልበውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰው ሁሉ ነግሬልሻለሁ። ለአለቃዬ ሳይቀር። ‹እህቴ በዚያች ቀዳዳ ከኔ ፈጥና ገባች› ስለው ‹ቀበቶህን አጥብቅ› አለኝ። ምን ይገባዋል እሱ?»

«ወንድም ጋሼ…»

«ወዬ?»

ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ነገ በጠዋት ትደርሳለህ?»

«በመጀመሪያው አውቶቡስ! ጥፍርሽን ሞርደሽ ጠብቂኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፍሬን ምሳዋን በላች፤ ማለትም ከሳህኑ አንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አዛወረችው። እናቷ አንዴ አየቻት፣ ሁለቴ አየቻት። ልጇ ስትወጣም ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሽቦ ብሩሹን ይዛ መውጣቷን ልብ ብላለች።

ምድር ቤቱ ጭር ብሏል። ፍሬን ጆንያውን ገለጠች፤ መስመሩ እዚያው ነው፤ አልሸሸም።

ማን ያየዋል? ቱቦው ጠመኔው ጋ ያርፋል። መስመሩን በሽቦ ፍቆ ማጥፋት ቀላል ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ወለሉ ብቻ ነው፤ ወለል ደግሞ ሬድዮ አይደለም። ደግሞስ ክርንን እሷ ብቻ ናት ያሰፋቻት? ሁሉም ናቸው። ሰዓቱን የያዘው ሊቀመንበሩ ነው። የተጮኸው ጩኸት የእውነት ነበር፤ የወንድሟም ደስታ የእውነት ነበር፤ አሁን ተነስቶ የሰውን ደስታ መፋቅ ጽድቅ ነው እንዴ?

ተንበረከከችና ፋቀች። ነጩ ቶሎ እጅ ሰጠ፤ እንደ ጠመኔ ዱቄት ሆኖ ተነሳ። ቀዩ ግን እንቢ አለ። በሁለት እጇ ተጫነችው፤ ብሩሹ ጮኸ፤ የቆሸሸው ውኃ ወደ ግድግዳው ተረጨ። የተረጨውን ስትጠርግ፣ ከመስመሩ ባሻገር፣ ከግድግዳው ሥር ሌላ ቀይ ነገር ታየ። ጠብታ አይደለም። ሰፋ ያለ ነው፤ ውስጡ ጠመዝማዛ መስመሮች አሉት። በጆንያው ጫፍ አበሰችው።

የጫማ ዳና ነበር። የትንሽ ልጅ ሰንደል፤ ከመዳፏ የሚያንስ።

እግሯን ከማስታወሷ በፊት ሽታው ነው የመጣላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ነበር፤ ወንድሟና ጓደኞቹ፣ ጉንጫቸው ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ ዓይናቸው ጨፍኖ። ጣውላውን በጣት ያህል ይገፉታል፣ መኪናዋን በክፍተቱ ይነዷታል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ እንደገና በጣት ያህል ይስቡታል። አንዱ «አሁን በዛ! ይቺ ቀዳዳ ለአይጥ ነው!» ይላል። ሌላው «ከሰፋችማ ኩርባ አይደለችም፤ አደባባይ ናት» ይላል። ወንድሟ «ቆይ፣ ጥሩ ነጂ ብዙውን ጊዜ፣ መጥፎ ነጂ አንዳንዴ የሚያልፍባት ትሁን» አለ፤ እና ልክ ያቺን ቦታ ሲያገኙ ጮኹ። ከዚያ ማንም እንዳይነካካት ብለው ጣውላውን እዚያው በቆመበት ቀቡት። እሷ ጩኸቱን ሰምታ ከደረጃው ሮጣ ወርዳ በቀኝ እግሯ ቀለሙን ረግጣ ግድግዳው ሥር ቆመች።

ወንድሟ አልተቆጣትም። ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣትና እግሯን በነጭ ጋዝ አጠበላት፤ እናቷ ስትመጣ ሰንደሉን አይታ ስትጮህ «እኔ ነኝ ያስረገጥኳት» ብሎ ቁጣውን ሁሉ ለብቻው ጠጣ። በኋላ መኪኖቹ በዚያ ሲመላለሱ፣ ወለሉም ውኃ ሳይነካው ሲኖር፣ መስመሩን ጎማ በላው። በገዛ ሕጉ የገዛ ልፋቱን ቀበረው፤ ሳያውቀው።

ፍሬን መዳፏን ዳናው ላይ አስቀመጠች። ቀዝቃዛ ነበር። ሽቦ ብሩሹ ጉልበቷ ሥር ነው። ጆንያውን መልሳ መስመሩ ላይ ዘረጋችው።

ከመውረጃው ጩኸት መጣ።

«ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ! ወገቡን ያዙት! ጅራት ላይ ያለኸው፣ አንተ ትስባለህ ወይስ ትንጠለጠላለህ?»

ቱቦው በአምስት ትከሻ ላይ ተጭኖ፣ ቀይና ነጭ ሆኖ፣ እንደ ተማረከ ዘንዶ ወረደ። ፊት ለፊት ሊቀመንበሩ ነው፤ አንድ ጆሮው ቀይ ተቀብቷል። ከኋላው ሬድዮ የፕላስተሩን ጥቅል እንደ አምባር በክንዷ አጥልቃለች።

«እሺ የጽዳት ክፍል» አለ ሊቀመንበሩ እያለከለከ። «የት ጋ ይረፍ?»

ፍሬን ተነሳች። ጆንያውን በእግሯ ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

«እዚህ» አለች።

ሊቀመንበሩ መስመሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። «ሙድ እየያዝሽብን ነው? መንገዱ መሐል? ይዘጋልኮ!»

«አይዘጋም። አንድ መኪና ታልፋለች፤ ለክቼዋለሁ።»

«ማን ነው ደግሞ እዚህ ቀለም ያፈሰሰው?»

«ወንድሜና ጓደኞቹ። ጣውላው ሲቀባ የቆመው እዚህ ነበር። እየገጨን እየመለስን ነው እስከዚያ ድረስ የወሰድነው።» ወደ ጠመኔው አመለከተች።

ሊቀመንበሩ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሱም ሦስተኛ ደረጃ አለችው፤ ያገኛት በስንት ልፋት ነው።

«ማለት… ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሰዓት ሁሉ…»

«አዎ።»

«የኔም?»

«ያንተም።»

«አቦ!» ቱቦውን ከትከሻው አወረደው፤ ከኋላ ያሉት ክብደቱ ሲመጣባቸው አቃሰቱ። «ለምን ለጥናት ኮሚቴ አንመራውም? ወይ ደግሞ… መሐል ላይ እናድርገው! ሁለቱንም ወገን ያማከለ…»

«ኩርባ ነው ሊቄ፤ ዕርቅ አይደለም» አለች ሬድዮ። ከዚያ ወደ ፍሬን ተጠግታ ቁጢጥ አለች፤ መስመሩን በጣቷ እየነካች፣ ማንም ከእሷ ሰምቶት በማያውቅ ቀስታ ጠየቀቻት። «ያንቺ ሪከርድስ?»

«በሰፊዋ ነው።»

«በጠባቧ ብትነጂውስ?»

«አላውቅም» አለች ፍሬን። «ነድቼባት አላውቅም።»

«ነገ ሰው ሁሉ እያየ ነውኮ። እሱ እያየ።»

«አውቃለሁ።»

ሬድዮ ተነስታ የቱቦውን ወገብ አቀፈች። ትንሽ ቆይቶ ሊቀመንበሩም፣ የሞተ ሰው የሚያነሳ መስሎ፣ ጭንቅላቱን ያዘ።

ፍሬን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች፤ እጆቿን ዘረጋች።

«ወደኔ አምጡት።»

ቱቦው ወለሉ ላይ እየተጎተተ መጣ። የጠመኔውን ምልክት አለፈ።

«በቃ?» አለ ሊቀመንበሩ በተስፋ።

«ገና።»

እንደገና ተጎተተ። ክፍተቱ ጠበበ፤ አንዱ ትንሽ ልጅ ከኋላ «ወይኔ መኪናዬ!» አለ፣ ገና ከአሁኑ የተሰበረች ያህል።

«አሁንስ?»

ፍሬን ጎንበስ ብላ አየች። በቱቦውና በቀዩ መስመር መካከል የቀረችው መዳፍ የምታህል ናት። ሁሉም ደክሟቸዋል። እዚህ ላይ ቢቆም ማንም ምንም አይላትም።

«ገና ነው» አለች። «ወደኔ።»